ትኬት ተቆርጦ ወረርሽኝ ሲሰማ

ኅዳር 5 ቀን 2018 ዓ.ም. ጂንካ ላይ የማርበርግ በሽታ መገኘቱ በይፋ ሲነገር፣ ኅዳር ሊታጠን አንድ ሳምንት ቀርቶት ነበር። የ1911ዱን የኅዳር በሽታ እስካሁን በጭስ ለሚያስታውስ ሕዝብ የወረርሽኝ ወሬ እንግዳ አይደለም። ለመንገደኛ ግን ወቅቱ ክፉ ነበር። ለገናና ለጥምቀት አገር ቤት ሊገባ ትኬት የቆረጠው ዳያስፖራ ለዘመድ የሚያመጣውን መሸማመት የጀመረበት፣ የኦሞ ሸለቆ አስጎብኚዎችም የዓመት ገቢያቸውን የሚጠብቁበት ጊዜ ነው። በሽታው በኢትዮጵያ ሲረጋገጥ የመጀመሪያው በመሆኑ ስሙን ከዚያ በፊት ሰምቶት የማያውቅ ሰው ብዙ ነበር። እንሂድ ወይስ እንቅር? ልጆቹን ይዘን? እናታችን ዓመቱን ሙሉ ሲጠብቁን ከርመው?

ጥያቄው ባለፉት ሠላሳ ዓመታት ከሕንድ እስከ ሆንግ ኮንግ፣ ከምዕራብ አፍሪካ እስከ ብራዚል ደጋግሞ ተነሥቷል። የተሰጡትን መልሶች መለስ ብሎ ላየ ሰው አንድ ነገር ጎልቶ ይወጣል። አብዛኛው ሰው የሚጠይቀው «አገሩ ደኅና ነው ወይ?» ብሎ ነው። በሽታ ግን በአገር ልክ ተሰፍቶ አይመጣም። የሚገኘው አንድ ዋሻ ውስጥ፣ አንድ ሆስፒታል ውስጥ፣ አንድ የሆቴል ፎቅ ላይ፣ አንድ ቆላ ላይ ነው። ለመሄድም ሆነ ለመቅረት የሚያበቃ መልስ የሚገኘው ጥያቄው እዚያ ድረስ ሲጠብ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሳይጠብ ሲቀር ምን እንደሚሆን እ.ኤ.አ. በ2014 ታይቷል። ኢቦላ ያደቀቃቸው ጊኒን፣ ላይቤሪያንና ሴራሊዮንን ነበር፤ እስኪያበቃ ድረስ ከ28 ሺህ በላይ ሰው ታሞ ከ11 ሺህ በላይ ሞቷል። በዚያው ጊዜ ግን የዱር አራዊት ሊያዩ ወደ ኬንያና ታንዛኒያ ሊሄዱ የነበሩ ጎብኚዎች ጉዟቸውን ሰረዙ። ከሞንሮቪያ እስከ ናይሮቢ ከ5 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ማድሪድ ለሞንሮቪያ ከናይሮቢ ይልቅ እጅግ ትቀርባለች። ማድሪድ ውስጥ ደግሞ ሕመምተኛ ስታስታምም የነበረች የጤና ባለሙያ ራሷ በኢቦላ ተይዛለች። ኬንያ ውስጥ አንድም ሰው አልተያዘም። ሆኖም ስፔን በዚያ ዓመት 65 ሚሊዮን ያህል ጎብኚ ስትቀበል፣ የኬንያና የታንዛኒያ ሎጆች አልጋቸው ባዶ አደረ። ሞሮኮም የ2015ቱ የአፍሪካ ዋንጫ ይራዘምልኝ ብላ ካፍ አልስማማ ሲል አዘጋጅነቱን አጣች፤ ውድድሩ ወደ ኢኳቶሪያል ጊኒ ሄደ። «አፍሪካ» የሚለው ስም ብቻውን ለሚሊዮኖች እንደ ሕክምና ማስረጃ ሆኖ አገለገለ።

ከዚያ ሃያ ዓመት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. መስከረም 1994፣ ሱራት በምትባል የሕንድ ከተማ ፕሌግ የሚባለው ቸነፈር ተነሣ ተባለ። በመቶ ሺህ የሚቆጠር ነዋሪ ከተማዋን ጥሎ ሸሸ፤ የባሕረ ሰላጤውን ጨምሮ በርካታ አገሮች ከሕንድ የሚነሡ በረራዎችን አገዱ። የሟቾቹ ቁጥር ከመቶ በታች ነበር። ሕንድ ያጣችው ገንዘብ ግን ከቢሊዮን ዶላር አልፏል። አገሮች ወረርሽኝ ሲያገኙ በፍጥነት እንዲያሳውቁ፣ ሌሎቹም ባሳወቀው አገር ላይ ያለ በቂ ምክንያት በራቸውን እንዳይዘጉ የሚያዘው የተሻሻለው ዓለም አቀፍ የጤና ደንብ በ2007 ሥራ ላይ ሲውል፣ ከጀርባው እንዲህ ያለ ታሪክ ነበረው።

ደንቡ ሁልጊዜ አልተከበረም። ደቡብ አፍሪካ ኦሚክሮን የተባለውን የኮሮና ዝርያ እ.ኤ.አ. ኅዳር 24 ቀን 2021 ለዓለም አሳወቀች፤ በሁለት ቀን ውስጥ የአውሮፓና የአሜሪካ በሮች በደቡባዊ አፍሪካ ላይ ተዘጉ። ቆይቶ ሲመረመር ኔዘርላንድስ ውስጥ ከዚያ ቀደም ብሎ በተወሰዱ ናሙናዎች ላይ ዝርያው ተገኘ። ስሙ የተነሣው አገር ሁልጊዜ በሽታው የበዛበት አገር አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ጥሩ ቤተ ሙከራ ያለውና የተገኘውን ያልደበቀ አገር ነው። ስሙ ያልተነሣውም ንጹሕ ነው ማለት አይደለም፤ አልመረመረ ይሆናል። ለጉዞ ውሳኔ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ጂንካ ላይ የታየው ሕመም ተመርምሮ ስሙ በግልጽ መነገሩን እኔ ከሚያስፈራው ይልቅ ከሚያረጋጋው ወገን እቆጥረዋለሁ።

እንግዲህ ከካርታው ወርደን ወደ በሽታው መንገድ እንምጣ። ማርበርግና ኢቦላ የሚተላለፉት ከታመመ ወይም ከሞተ ሰው ደም፣ ትውከት፣ ላብና ሌላ ፈሳሽ ጋር በመነካካት ነው። የተያዘ ሰው ምልክት እስኪያሳይ ድረስ ለሌላ አያስተላልፍም፤ ምልክቱም ከ2 እስከ 21 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይወጣል። ስለዚህ በብዛት የሚጠቁት አስታማሚዎች፣ ሐኪሞችና ነርሶች፣ ሬሳ የሚያጥቡ ሰዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ ሩዋንዳ ውስጥ ማርበርግ 66 ሰው ይዞ 15 ሲገድል፣ ከተያዙት የሚበዙት የጤና ባለሙያዎች ነበሩ። በዚያ ሰሞን ጎሪላ ሊያይ የሄደ ሰው የሚያስፈራው ነገር ከሆስፒታሉ ውጭ ጥቂት ነበር።

ይህ ማለት ማርበርግ ጎብኚ አይነካም ማለት አይደለም። ነክቶ ያውቃል፤ እንዴት እንደነካ ማየቱ ይጠቅማል። ምዕራብ ኡጋንዳ በሚገኘው የማራማጋምቦ ጫካ የዘንዶ ዋሻ የሚሉት ቦታ አለ። ሰው የሚሄደው ዘንዶውንና ጣሪያውን ያለበሱትን በሺዎች የሚቆጠሩ የሌሊት ወፎች ለማየት ነበር። አንዲት አሜሪካዊት ጎብኚ ከዋሻው ስትገባ እንዳትወድቅ አለቱን ትደገፍ ነበር፤ አለቱ በሌሊት ወፍ ኩስ ተለብጧል። አገሯ ገብታ እ.ኤ.አ. ጥር 2008 በጽኑ ታመመች፤ ሐኪሞቿ ምን እንደሆነ ሳያውቁት ዳነች። በዚያው ዓመት ሰኔ አንዲት ሆላንዳዊት እዚያው ዋሻ ገብታ፣ ከተመለሰች በኋላ ታመመችና ሐምሌ ላይ ሞተች። አሜሪካዊቷ ይህን ስትሰማ ደሟ እንደገና ይመርመርልኝ አለች፤ እሷንም ይዟት የነበረው ማርበርግ ሆኖ ተገኘ። በዚያ ዓመት ኡጋንዳ የገቡ ሌሎች ጎብኚዎች ይህ አልደረሰባቸውም። ክፋቱ የነበረው ዋሻው ጋ ነው፤ ከዋሻው ደጃፍ ለተመለሰ ሰው ጉዞው እንደማንኛውም ጉዞ ነበር።

እዚህ ላይ ግን ለእኛ ሰው የሚሆን ማስጠንቀቂያ አለ። ጤና ድርጅቶች «ለመንገደኛ ያለው ስጋት ዝቅተኛ ነው» ሲሉ በአእምሯቸው ያለው መንገደኛ ሆቴል አድሮ፣ ተራራና ሐይቅ አይቶ የሚመለስ ነው። አገር ቤት የሚገባ ሰው ዕረፍት እንዲህ አይደለም። የታመመ አጎት ሆስፒታል ሄዶ ይጠይቃል፤ እጅ ይስማል፤ አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ትራስ ያቃናል። ላልደረሰበት ቀብር ለቅሶ ይደርሳል፤ የደረሰበት እንደሆነም ከአስከሬኑ አጠገብ ይቆማል። ማርበርግ የሚፈልገው መንገድ ይኸው ነው። ስለዚህ ወረርሽኙ ባለበት ዞን ዘመድ ያለው ሰው የራሱን ጉዞ ከቱሪስቱ ጉዞ ጋር እኩል አድርጎ መመዘን የለበትም። በዚያ ሰሞን አዲስ አበባ፣ ጎንደር ወይም ደሴ የሚገባ ሰው መቅረት አያስፈልገውም ነበር። ጂንካ የሚገባ ሰው ግን ሕመምተኛ መጠየቁንና አስከሬን መንካቱን መተው ከቻለ መሄድ፤ ካልቻለ፣ ብዙዎቻችንም አንችልም፣ የወረርሽኙ ማብቃት እስኪታወጅ ማራዘም ነበረበት። ማብቃቱ የሚታወጀው የመጨረሻው ሕመምተኛ ከበሽታው ነፃ ከሆነ ወይም ከተቀበረ በኋላ 42 ቀን አዲስ ሰው ሳይያዝ ሲቀር ነው። ይህም ሁለት ጊዜ 21 ቀን መሆኑ ነው። ለማስላት የሚመች ቀጠሮ ነው።

በትንፋሽ የሚሄድ በሽታ ሌላ ሒሳብ አለው። እ.ኤ.አ. የካቲት 21 ቀን 2003 ከጓንግዶንግ የመጣ ሐኪም ሆንግ ኮንግ ውስጥ ሜትሮፖል በሚባል ሆቴል 9ኛ ፎቅ ላይ አደረ። አሞት ነበር፤ በማግስቱ ሆስፒታል ገባ፤ በመጋቢት ሞተ። ያን ፎቅ የተጋሩ እንግዶች ሳርስ የተባለውን በሽታ ይዘው ወደ ቬትናም፣ ወደ ሲንጋፖርና ወደ ካናዳ በረሩ። አብዛኞቹ ሐኪሙን አያውቁትም። ወረርሽኙ በዓለም ዙሪያ 774 ሰው ገድሎ ቆመ። እነዚህ እንግዶች የሠሩት ጥፋት የለም፤ ቢጠነቀቁም የሚጠነቀቁበትን ነገር አያውቁም ነበር። ስለዚህ በእኔ ግምት ለመቅረት በቂ የሆነው ምክንያት በሽታው ገዳይ መሆኑ ብቻ አይደለም፤ መንገዱ አለመታወቁ ነው። በትንፋሽ ይሄዳል ተብሎ የሚጠረጠር፣ ምልክት ሳያሳይ ይተላለፍ አይተላለፍ ገና ያልተረጋገጠ አዲስ ሕመም የተነሣ እንደሆነ፣ የዕረፍት ጉዞ ይቅር። እ.ኤ.አ. በጥር 2020 ማንም ይህን ቢል ፈሪ ይባል ነበር፤ በመጋቢት ግን ትክክል ሆነ።

በሽታው አንድ ሆኖ መልሱ እንደ ተጓዡ የሚለያይበትም ጊዜ አለ። እ.ኤ.አ. በ2016 ከሪዮ ኦሊምፒክ በፊት በትንኝ የሚተላለፈው የዚካ ቫይረስ ብራዚል ውስጥ ሲስፋፋ፣ ከመቶ በላይ ሳይንቲስቶች ውድድሩ እንዲዛወር ወይም እንዲራዘም በደብዳቤ ጠየቁ። የዓለም ጤና ድርጅት አልተቀበለውም። ነሐሴ በሪዮ ክረምት በመሆኑ ትንኝ ይቀንሳል፤ ውድድሩም ያለ ዚካ መዘዝ አለፈ። ለነፍሰ ጡር ሴት ግን ምክሩ አትሂጂ ነበር፤ ትክክልም ነበር፤ ቫይረሱ የፅንስን ጭንቅላት እድገት ይጎዳልና። ባልና ሚስት አንድ ዓይነት ትኬት ይዘው መልሳቸው ሁለት ሊሆን ይችላል። ኩፍኝም እንዲሁ ነው። ክትባቱን የጨረሰ አዋቂ አይሰጋም። እናቱ ይዛው የምትሄድ የ8 ወር ሕፃን ግን መደበኛው ክትባት ገና አልደረሰውም። አሜሪካ ውስጥ ከ6 እስከ 11 ወር ያለ ሕፃን ወደ ውጭ አገር ሲሄድ ከጊዜው ቀድሞ አንድ ክትባት እንዲወስድ ይመከራል፤ ይህን ለሐኪሙ አንስቶ የሚጠይቅ ወላጅ ግን ጥቂት ነው። ክትባት በሌለው ሰው ላይ ኩፍኝ የሚምር በሽታ አይደለም፤ ሕመምተኛው ከክፍሉ ከወጣ በኋላ እንኳ እስከ ሁለት ሰዓት አየሩ ላይ ይቆያል።

መንገደኛን ከበሽታው ይልቅ ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ግን ደንቡ ነው። ዳይመንድ ፕሪንሰስ የተባለችው የመዝናኛ መርከብ እ.ኤ.አ. የካቲት 2020 ዮኮሐማ ወደብ ላይ ስትታገድ 3,711 ሰው ይዛ ነበር፤ ለዕረፍት የወጡ ሰዎች በየጠባብ ክፍላቸው ተዘግቶባቸው ሰነበቱ፤ ከ700 በላይ ሰውም ተያዘ። ከመጋቢት 14 ቀን 2012 ጀምሮ አዲስ አበባ የገባ ሰው በራሱ ወጪ ሆቴል ውስጥ 14 ቀን ተለይቶ መቆየት ግዴታ ሆነበት። የሦስት ሳምንት ፈቃድ ይዞ የመጣ ሰው ቤተሰቡን በስልክ እያነጋገረ ሁለቱን ሳምንት መስኮት ላይ ጨረሰ። በሩዋንዳው ማርበርግ ጊዜም አሜሪካ ከዚያ የሚመጡ መንገደኞችን ወደ ሦስት ኤርፖርቶች ብቻ አስገብታ መረመረች፤ አንዱ የዋሽንግተኑ ደለስ ነበር።

ስለዚህ ትኬቱን ይዞ የሚያመነታ ሰው የበሽታውን ያህል የመመለሻውን በር ይመርምር። ሥራው ሁለት ሳምንት ቢዘገይ ይጠብቀዋል? የሚወስደው መድኃኒት ለተጨማሪ ወር ይበቃል? ልጆቹ ትምህርት ቤት በሰዓቱ ባይገኙስ? የመኖሪያ ፈቃዱ ሊያልቅ የቀረው፣ ወይም በባሕረ ሰላጤው በአሠሪዋ ፈቃድ የወጣች እህት፣ የሚያጡት ከዜጋው በእጅጉ ይበልጣል፤ በሽታው ባይነካቸውም የተዘጋ ድንበር ሕይወታቸውን ያናጋል። እነሱ ቢቀሩ አልፈርድባቸውም።

ኢንሹራንሱም እንደሚታሰበው አይደለም። የተለመደው የጉዞ ኢንሹራንስ ፈርቼ ቀረሁ ላለ ሰው አይከፍልም፤ ወረርሽኙ በይፋ ከታወቀ በኋላ የተገዛውም በአብዛኛው ያን ወረርሽኝ ከሽፋኑ ያወጣዋል። በማንኛውም ምክንያት መሰረዝ የሚፈቅድ ሽፋን አለ፤ ውድ ነው፤ የሚመልሰውም በአብዛኛው ከ50 እስከ 75 በመቶ ነው፤ ትኬቱ በተገዛ በሁለት ወይም በሦስት ሳምንት ውስጥ መያዝ አለበት። ወሬው ከተሰማ በኋላ የሚያዋጣው መሰረዝ ሳይሆን ቀን ማዘዋወር ነው። ለአስጎብኚውም የሚሻለው እሱ ነው፤ ቀብድ መልስ የተባለ የጂንካ አስጎብኚ ለሹፌሩና ለምግብ አብሳዩ የሚከፍለው ያጣል፤ ወደ መጋቢት ይዛወርልኝ የተባለው ግን ሥራው አለ።

አሁን በጣም ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ። ማርበርግን ፈርቶ ትኬት ለመሰረዝ የሚያስብ ሰው፣ ወባን ሳያስብ ባሕር ዳር ይሄዳል። እ.ኤ.አ. ከጥር እስከ ጥቅምት 20 ቀን 2024 ድረስ ብቻ ኢትዮጵያ ውስጥ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ ሰው በወባ ታሞ 1,157 ሰው ሞቷል። ይህን ዜና ሰምቶ ትኬት የሰረዘ አላየሁም። መሰረዝም የለበትም፤ ወባ መድኃኒት ያለው፣ መከላከያ ያለው በሽታ ነው። ግን መከላከያውን የሚወስድስ ማን ነው? አሜሪካ ውስጥ በየዓመቱ 2 ሺህ ያህል ሰው ከውጭ ይዞት በገባው ወባ ይታከማል። ትልቁ ቁጥር ሳፋሪ ሄዶ የተመለሰ ቱሪስት አይደለም፤ ዘመድ ጠይቆ የተመለሰ ስደተኛና ልጆቹ ናቸው። ቱሪስቱ ክኒኑን ይውጣል። የአገሩ ልጅ «እኔ እዚያው አድጌያለሁ» ይላል። ቆላ ያደገ ሰው የነበረው ከፊል መከላከል ከአገር ወጥቶ ዓመታት ሲቆጠሩ ይጠፋል፤ አዲስ አበባ ያደገው መጀመሪያም አልነበረውም፤ ውጭ የተወለደው ልጅ ጭራሹን የለውም።

ነገሩ በተግባር እንዲህ ነው የሚሆነው። እንግዳው አክስቱ ቤት ያድራል፤ ጥሩው አልጋ፣ አዲሱ አንሶላ ይወጣለታል። አጎበር ግን ለእንግዳ አይታሰብም፤ ወይ አንድ ብቻ ነው፣ እሱም ሕፃናቱ ላይ ተሰቅሏል፣ ወይ ተጣጥፎ ቁም ሳጥን ላይ ተቀምጧል። እንግዳውም ስቀሉልኝ ማለት አክስቱን የማስከፋት ይመስለዋል። ማታ በረንዳ ላይ ቡና ይጠጣል፤ ክንዱና እግሩ የተጋለጠ ነው። ከ2,000 ሜትር በላይ ያለው ደጋ አብዛኛውን ጊዜ ከወባ ነፃ መሆኑ ብዙ ሰው ያዘናጋል፤ ባሕር ዳር፣ ሐዋሳ፣ አርባ ምንጭ፣ ድሬዳዋ ከዚያ በታች ናቸው። በዚህ ላይ አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለችው የከተማ የወባ ትንኝ እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህ ኢትዮጵያ ውስጥ ተገኝታለች፤ ረግረግ አትፈልግም፤ ክዳኑ ያልተገጠመ ሮቶና በርሜል ይበቃታል። የ2022ቱ የድሬዳዋ ወባ ከእሷ ጋር የተያያዘ ነበር። ለመቅረት የሚያበቃ ነገር የለም። አጎበር ሻንጣ ውስጥ መክተት፣ ሐኪም የሚያዘውን ክኒን ከመሄጃው በፊት ጀምሮ ከተመለሱም በኋላ የታዘዘውን ያህል ቀን መጨረስ ነው። ክኒኑ ሲቋረጥ የሚታመመው ሰው ብዙ ነው፤ ከቤት ከተገባ በኋላ የሚዋጥ ክኒን ይረሳል።

ይህ ሁሉ ስለ ራሳችን ነው። የምንጠይቃቸውስ? በሽታውን ይዞ የሚሄደው መንገደኛው ራሱም ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1866 ቆራጣ ላይ ኮሌራ ሲገባ ዐፄ ቴዎድሮስ ሰፈራቸውን ነቅለው ወደ ደብረ ታቦር ተጓዙ፤ በሽታው ከሠራዊቱ ጋር አብሮ ሄደ። እ.ኤ.አ. መጋቢት 2020 ኢሽግል በምትባል የኦስትሪያ የበረዶ መንሸራተቻ ከተማ ለዕረፍት የሄዱ ሰዎች ኮሮናን እስከ አይስላንድ ድረስ ወደየአገራቸው ይዘው ገቡ። ኢትዮጵያም የመጀመሪያውን የኮሮና ሕመምተኛ ያገኘችው ከውጭ በገባ ሰው ላይ ነው። ዳያስፖራው ሲፈራ የሚፈራው አገር ቤት ያለውን ነው። ይዞት የሚሄደው ጉንፋን፣ ኢንፍሉዌንዛ፣ ያልተከተበ ልጅ ኩፍኝ ግን የ80 ዓመት አያት ያሉበት ቤት ነው የሚገባው። ከመሄጃው ሁለት ሳምንት በፊት የኢንፍሉዌንዛ ክትባት መውሰድ፣ በመሄጃው ቀን ትኩሳት ካለ ደግሞ በረራውን ማዛወር፣ ለእኔ ከትኬቱ ዋጋ በፊት የሚመጣ ነገር ነው። እናት «ልጄ፣ ለእኔ ብለህ አትቅር፣ ና ብቻ» ይላሉ፤ ያን የሚመዝነው ልጅየው እንጂ እሳቸው አይደሉም።

ሄዶ ለተመለሰ ሰው ደግሞ ጉዳዩ በሻንጣው መክፈቻ አያበቃም። ማርበርግ ወይም ኢቦላ ካለበት አካባቢ የመጣ 21 ቀን ሙሉ ትኩሳቱን ይለካ፤ ትኩሳት ከመጣ በቀጥታ ክሊኒክ ሄዶ ከሰው ጋር ወረፋ አይጠብቅ፣ ቀድሞ ይደውል። ወባ ግን ከዚያ በላይ ይታገሣል፤ ቪቫክስ የሚባለው ዓይነት፣ ኢትዮጵያ ውስጥም ብዙ ያለው፣ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ ሊነሣ ይችላል። በሚያዝያ ትኩሳት የያዘው ሰው የታኅሣሡን ጉዞ አያስታውሰውም፤ ሜሪላንድ ወይም ለንደን ያለው ሐኪምም ካልነገሩት ወባን አያስብም፤ ጉንፋን ነው ብሎ ይሸኘዋል። ሐኪሙ ፊት የተቀመጠ ሰው ከሕመሙ ዝርዝር በፊት ኢትዮጵያ ውስጥ የት የት እንዳደረ፣ በየትኛው ወር እንደተመለሰና የወባውን ክኒን ጨርሶ እንደሆነ ይናገር፤ ሐኪሙ ባያነሣውም የወባ ምርመራ ራሱ ይጠይቅ።